የጎርፉ መዝገብ

ማመልከቻውን ሰባት ጊዜ ጻፍኩት። ስድስት መጽሐፍ ጠራዦች ብቻ ያሉበት ማኅበር፣ ወዳጅ አገር ለባህል ትብብር የምትሰጠውን አነስተኛ ድጋፍ ሊጠይቅ ነው ሲባል ያልሳቀብን ሰው አልነበረም። «እናንተ ደግሞ ዲፕሎማት ልትሆኑ?» አለችኝ አክስቴ። አዎ፣ ልንሆን! ስድስቱ ተመልሰውብኝ ሰባተኛው ሲያልፍ፣ ከኤምባሲው የመጣውን ደብዳቤ ለአባቴ አነበብኩለት። ከሥራው ቀና ሳይል በሁለት ጣቱ ዳበሰውና «እሰይ፣ ወረቀቱ ግን ስስ ነው» አለኝ። አባቴ እንዲህ ነው። እሱን ለማስደነቅ የሚሞክር ሰው ጊዜውን ያባክናል።

ሥራው የጋራ ዐውደ ርእይ ነበር። እኛ የጠረዝናቸውን እናሳያለን፤ በዚያ አገር ያለ የአንድ ወንዝ ዳር ከተማ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ እጅግ የሚያከብረውን መጽሐፍ ይልክልናል። የላከው የአንባቢዎቹን የውሰት መዝገብ ነው። ከአርባ ዓመት በፊት ጎርፍ ከተማዋን ሲያጥለቀልቅ ውሃ የገባበት፣ ሽፋኑ የተላጠ፣ ገጾቹ ተጣብቀው እንደ ጡብ የደረቁ፣ ጭቃ የለበሰ መዝገብ። ጎርፉ እንዳይረሳ ብለው ሆን ብለው እንደዚያው አቆይተውታል። ውሉም «በተረከብነው ይዞታ እንመልሳለን፤ ካልሆነ ድጋፉ ይሰረዛል» ይላል። የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ የማኅበሩ ጸሐፊ።

የመጣ ዕለት ሣጥኑን ከፈትኩና መዝገቡን አባቴ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት፤ የሚቆለፈው ቁም ሣጥን ያለው እሱ ጀርባ ነው። ቁልፉን ልፈልግ ስል ስልክ ተደወለ። ለዐውደ ርእዩ አብረው የተላኩት ሌሎች ሣጥኖች ጉምሩክ ተይዘዋል። እየሮጥኩ ወጣሁ፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ስንከራተት ከረምኩ። መዝገቡንማ አባቴ ቆልፎበታል ብዬ ልቤን ጥዬ ነበር።

በዐሥረኛው ቀን የማኅበራችን ጠራዦች ሁሉ የሚሠሩበት ወርክሾፕ ስገባ መዝገቡ ከጠረጴዛው ግራ ጫፍ ተቀምጧል። አዲስ የቆዳ ጀርባ፣ አዲስ ክር፣ አዲስ ሽፋን። ጭቃ ለመድኃኒት አይገኝበትም።

«አባዬ! ምን ሠራህ?»

«ምን ሠራሁ? ጠገንኩ።»

«ማን ጠግን አለህ? እንደተበላሸ እንዲታይ እኮ ነው የመጣው! በአምስት ቀን ውስጥ ሊታይ!»

«እንደተበላሸ?» አለ፤ መርፌውን አስቀመጠና። «ታዲያ የት ነበር ያስቀመጥሽው?»

እኛ ዘንድ ማንም ማንንም «ይሄ ምን ይደረግ?» ብሎ አይጠይቅም። ከጠረጴዛው ቀኝ ጫፍ ያረፈ መጽሐፍ የሚጠገን ነው፤ ከግራ ጫፍ ያረፈ ያለቀ ነው። ይህን ሕግ ፊደል ሳልቆጥር ነው ያወቅሁት። ያን ቀን ግን በጥድፊያ፣ ለበሩ በሚቀርበው በቀኝ በኩል ጣል አድርጌው ሮጥኩ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ለካ ፈረሱ እኔው ነኝ።

«አፍርሰህ እንደ ነበረ ማድረግ አይቻልም?» አልኩት፣ በልመና ድምፅ።

«ይቻላል፤ ጎርፍ ካመጣሽልኝ።»

በማግስቱ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ከአገሯ መጣች፤ ፀጉሯ የሸበተ፣ ዝምተኛ ሴት ናት። የኤምባሲው የባህል ሠራተኛ ሊያስተረጉም አብሯት ነበር። አባቴን «አንተ ዝም በል፣ የምናገረው እኔ ነኝ» ብዬው ነበር። እሱ ግን ገና ወንበር ሳይዙ ቀደመኝ።

«መዝገቡን የነካሁት እኔ ነኝ። ልጄ አታውቅም፣ ጉምሩክ ነበረች። የሚቀጣ ካለ እኔን ነው።»

«ቀኝ ጫፍ ላይ ያስቀመጥኩት ግን እኔ ነኝ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ሠራተኛው ቀኙም ግራውም ስላልገባው፣ የቤታችንን ሕግ ከሥር ከመሠረቱ ላስረዳው ግድ ሆነ።

ሴትዮዋ አዲሱን ጀርባ በጣቷ ነካች። ፊቷ አመድ መሰለ። «ጭቃው የት ሄደ?» ብላ ጠየቀች።

አባቴ መሳቢያውን ሳበና ፖስታዎች ደረደረላት። ጭቃው፣ የተበጠሰው ክር፣ የተላጠው ሽፋን፤ በእያንዳንዱ ላይ ከየትኛው ገጽ እንደወጣ ተጽፏል። «ከመጽሐፍ የወደቀ ሁሉ የባለቤቱ ነው፤ እኛ አንጥልም» አላት። የጭቃውን ፖስታ በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። አባቴ ትዕግሥቱ አለቀ። «መዝገቡን ይክፈቱት እንጂ፣ እመቤት!»

ከፈተችው። አርባ ዓመት ማንም ያላየው ገጽ ነው። ቀለሙ ደብዝዟል እንጂ አልጠፋም፤ የአንባቢው ስም፣ የወሰደው መጽሐፍ፣ ቀኑ። ድምፅ አውጥታ ማንበብ ጀመረች። ሠራተኛው መተርጎሙን ተወ፤ ስም አይተረጎም። አንዱ ስም ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ይቺ ጎረቤታችን ነበረች፤ ጎርፉ ነው የወሰዳት» ብሎ ተረጎመልን። «የተዋሰችው ስለ ንብ እርባታ ነው። ንብ ልታረባ እንደነበር ማንም አልነገረንም።»

ከዚያ በኋላ እሷ ገጽ ትገልጣለች፣ እኛ እንሰማለን። በመጨረሻ ሠራተኛው ጉሮሮውን ጠረገና የኤምባሲውን ቅጽ አቀረበላት፤ ግዴታው ነው። «ዕቃው በተረከቡት ይዞታ ላይ ነው?» ይላል። ብዕሯን አንስታ «አይደለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። የሰባት ማመልከቻ ልፋት፣ የስድስት ሰው ተስፋ በአንዲት ጭረት ሄደ አልኩ። እሷ ግን ወደ ታች ወርዳ፣ ምክንያት በሚለው መስመር ላይ አጭር ነገር ጻፈች። ሠራተኛው ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ድጋፉስ?» አልኩት።

«ይህን ጽፋ ማን ደፍሮ ይሰርዘዋል?» አለና የጻፈችውን በእኛ ቋንቋ ነገረኝ።

አባቴ በክርኑ ነካ አደረገኝ። «ምን ብላ ጻፈች?»

«‹አሁን ይነበባል› ብላ።»

«እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩለት። ጆሮው ድረስ ቀላ። በሕይወቴ በማንም እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም፤ እንባዬም አላሳፈረኝ። አባቴ ወደ ባልደረቦቹ ጠረጴዛዎች ዞር አለና «ጮክ ብለሽ በይው» አለኝ፣ «ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

ጮክ ብዬ አልኩት።