አሚን ካልኩ በኋላ

ባሌ ሁሴን ከጅቡቲ ሲመለስ የተሳቢ መኪናውን የጋቢና ብርድ ልብስ ይዞ ገባ። እኔም ቆሽሾበት መስሎኝ አጥቤ አሰጣሁት። ሾፌር መኝታውን ከመኪናው ጠቅልሎ የሚያወርደው መኪናውን ሲሸጥ መሆኑ ትዝ ያለኝ ዱዓ ከተደረገ በኋላ ነው።

ከሰዓት የካራቆሬው ነጋዴ ጋሽ ሸሪፍ ከሁሴን ታላቅ ወንድም ከሙሳ ጋር መጡ። ሙሳ እጁን ዘርግቶ ዱዓ ሲጀምር፣ እንደወትሮው ለመንገዱ መስሎኝ ከሁሉም ቀድሜ “አሚን!” አልኩ። በእኛ ዘንድ ሽያጭ የሚታሰረው በዱዓ ነው፤ የቤት እመቤቷ አሚን ካለች አለቀ።

“ከሁሴን ይልቅ የፈራሁት አንቺን ነበር” አሉ ጋሽ ሸሪፍ እየሳቁ። “ተሳቢውን እንዲህ በቀላሉ ትለቂልኛለሽ ብዬ አላሰብኩም።”

ሁሴንን ጎትቼ ወደ ጓሮ ወሰድኩት።

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ብነግርሽ እሺ ትያለሽ?”

“አልልም! ሁለተኛ መኪና ልንጨምር፣ አዲስ አበባ ቤት ልንሠራ አልነበር? ልጅህ ናጅዋ ብትታመምስ? አንተ ብትወድቅስ? ምን ይውጠናል?”

“የአባቴ ማንጎ አለ፣ ራቢ። ሀብታም አንሆንም እንጂ ጠግበን እናድራለን። ማታ ማታ ጥላው ሥር ቁጭ ብለን ስታወሪ እሰማሻለሁ።”

“ማንጎውንም ነጭ ተባይ ይመታዋል።”

“ወላሂ፣ ጀነት ብትገቢም ጣሪያው ያፈሳል ወይ ብለሽ ትጠይቂያለሽ!”

ከዚያ ሳቁን ተወ። “ካልወደድሽው አሁኑኑ ንገሪያቸው። የሚያሳፍር ቢሆንም ዱዓውን እናፈርሳለን። እኔም ነገ ሌሊት ወደ ጅቡቲ እወጣለሁ።”

ስንት ረመዳን ብቻዬን እንዳፈጠርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ናጅዋ ድክ ድክ ማለት ስትጀምር የሰማው በስልክ ነው። ያ የአዲስ አበባው ቤት ግን፣ ይሄ የሮቢታችን ሙቀት የማይደርስበት፣ ብርድ ልብስ ደርበን የምንተኛበት ቤት፣ መጋረጃው ሳይቀር በሐሳቤ ተሰቅሎ አልቋል።

ተመልሼ ገባሁ። ሁሉም አፌን ያያሉ።

“ጋሽ ሸሪፍ” አልኩ፤ “ፍሬኗን ያስፈትሹ። ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ እንዳትፈጅዎ።”

ሙሳ በሳቅ ፈነዳ። ሁሴን ግን አልሳቀም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

መኪናዋ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሄደች። ድምፅዋ በካራቆሬ መንገድ እስኪጠፋ ደጃፍ ቆምኩ፤ ከጠፋም በኋላ ቆምኩ።

“ምን ትሰሚያለሽ?” አለ ሁሴን ናጅዋን አቅፎ።

“ምንም።”

ሲመሽ ራት በላን። እሱ ሲያወራ እኔ ጆሮዬ አስፋልቱ ላይ ነበር። መኪና ባለፈ ቁጥር ልቤ እንደለመደው ብድግ ይላል።

“ሁሉም ገብቷል?” አልኩት በሩን እያየሁ።

“ሁላችንም ገብተናል።”

ተነስቼ በሩን ቆለፍኩት።