የእግረኛው ጥያቄ

የሰፈሩ ሰው ሁሉ «እግረኛው» ነበር የሚለው። ጉልምስናውን እግረኛ ጦር ውስጥ የፈጀ ሰው ስለሆነ ቅጽል ስሙ አላስከፋውም፤ እንዲያውም ይኮራበት ነበር። ፈንጂ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ከወሰደበት ወዲህ ግን ያው ስም እንደ ስድብ ይቆጠቁጠው ጀመር። ኑሮው ከአልጋ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ አልጋ ሆነ። የተሠራለት ሰው ሠራሽ እግር በፎጣ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተኛ። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ «እባክህ ሞክረው» ብላ ብላ ደከማት።

አንድ ቅዳሜ፣ የቋንቋ አስተማሪ የሆነችው ልጁ አጠገቡ ቁጭ ብላ ፈተና ስታርም ድንገት ጠየቃት።

«ስሚ፣ ፈረሰኛ ፈረሱ ሲሞትበት እግረኛ ይሆናል። እግረኛ እግሩ ሲሄድበትስ ምን ይባላል?»

ልጅቷ ማጽናናት አይሆንላትም። ስለዚህ የምታውቀውን ነገረችው።

«አባዬ፣ ቃሉ የተወለደው እርግጥ ከእግር ነው። በፈረስ የሚዘምተው ፈረሰኛ ሲባል፣ በእግሩ የሚዘምተው እግረኛ ተባለ። ግን መንገደኛ መንገዱ የራሱ ነው እንዴ? ይሄድበታል እንጂ!»

«እና?»

«እናማ እግረኛ የሚሄድ ሰው ነው። እግሩ የሥጋ ይሁን የፕላስቲክ ቃሉ ምን ቸገረው?»

ሳቁ አመለጠው። «ይቺ ምላስ የእናትሽ ናት! በይ ያንን ጉድ አምጪልኝ።»

ነገሩ እንደ አፍ አልቀለለም። እንደ ሕፃን ድክ ድክ አለ፣ ወደቀ፣ ቆሰለ፤ አንዴማ እግሩን አውልቆ በሩ ላይ ወረወረው። ልጁ አንስታ ወደ ሠሩት ሰዎች ወሰደችው፤ የሚቆረቁረውን ጠርዝ ሞርደው አስተካከሉለት። ውሎ አድሮ አንድ ክራንች ብቻ በቃው።

አንድ ማለዳ ለማንም ሳይናገር ወጣ። ዋናውን መንገድ ሲያቋርጥ የቆመለት የታክሲ ሹፌር በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ኧረ ፈጠን በል አንተ እግረኛ!» ሲል ጮኸበት።

«እሺ ጌታዬ!» አለ ደረቱን ነፍቶ። ተጮኾበት እንደሱ ደስ ያለው ሰው አልታየም።

ሚስቱ ሱቋ ውስጥ የደንበኛ ቀሚስ ስትለካ በሩ ላይ ቆሞ አየችው። የነከሰቻቸውን ስፒሎች ከአፏ አወጣች።

«ግባና በሩን ዝጋው፣ ነፋስ ይገባል» አለችው፤ ዓይኗን እንዳያይባት ወደ ጨርቁ ዞራ።

ያን ቀን እሷ ዘንድ የልብስ ቁልፍ ሲተክል ዋለ። አመሻሽ ላይ አብረው ቀስ እያሉ ተመለሱ፤ ዘንቢሏን ተሸክሞላት።