የሰማይ መነጽሩ ክዳን

እሳት ሣር ላይ ሲነሣ እግር አለው፤ ነፋስ ካገዘውማ ክንፍ ያወጣል። እዚህ ኬንያ ከንጎንግ ኮረብቶች ባሻገር፣ የከተማ መብራት በማይደርስበት ሜዳ ላይ ቤት ሠርተው ሰማይን የሚመለከቱ ሰዎች አሉ፤ ኬንያዊም ፈረንጅም። በአንድ በጋ የመጣው እሳት ቤታቸውንም የሰማይ መመልከቻ ጎጆዎቻቸውንም ጠራርጎ በላው። ሰው አልሞተም፣ ተመስገን። ቴሌስኮፕ የሚሉት ትልቁ መነጽርም በድንጋይ ቤቱ ውስጥ ተረፈ፤ የቤቱ ክዳን ግን ነደደ። ሸራ አለበሱት። ሸራ ደግሞ ልጆቼ፣ የክረምት ዝናብን እስከ መቼ ይችለዋል?

የመነጽሩ ጠባቂ ወንዳፍራሽ የእኛው አገር ሰው ነው። እኅቱ ጌጤ ከተማው ውስጥ፣ ፓርክላንድስ በሚባለው ሰፈር በርበሬና ሽሮ ትሸጣለች። አንድ ቀን ደወለላት።

«እታለም፣ ጎረቤቶቼ ሁሉ የየራሳቸውን ቤት ለማቆም ይሯሯጣሉ። ዝናቡ ከቀደመኝ መነጽሩ አለቀለት።»

ጌጤ ረዳት ልትፈልግለት ቆረጠች። ወንድሟ ከስደቱ በኋላ ሰው የሆነው እዚያ ሜዳ ላይ ነበርና።

እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን ከጸሎት በኋላ ተነሥታ የመነጽሩን ቤት እንዲከድኑላት ምእመናኑን ለመነች። ሁሉም ዞሮ ያየው ጋሽ ሐብተማርያምን ነው፤ ሽማግሌም ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤት ሲከድኑ የኖሩ ባለሙያም፣ እዚህ ፉንዲ የሚሉት፣ ናቸው።

«ለመሆኑ የወንድምሽ ሥራ ምንድን ነው?» አሉ።

 ለጌጤ ልጇ ሚልካ የነገረቻት የእንግሊዝኛ ስም ምላሷ ላይ አልመጣ አለ።

«ኮከብ… ኮከብ ይቆጥራል።»

አይ ጌጤ! ምእመናኑ እርስ በርስ ተያዩ። በአገራችን ኮከብ ቆጣሪ ማለት የእናትህን ስም ጠይቆ፣ ደምሮ ቀንሶ፣ «ጥቁር ዶሮ አምጣ» የሚልህ አይደል?

«ታዲያ እሳቱ ምን ይደንቃል!» አሉ ጋሽ ሐብተማርያም። «ኮከብ ቆጣሪ እንደ ገለባ ይነዳል ሲል መጽሐፉ አልሰማሽም?»

«ማሚ፣ አስትሮኖሚ በያቸው!» ብላ ሚልካ ከኋላ ጮኸች። «ሳይንስ ነው እኮ፣ ሲዮ ኡቻዊ!» ጥንቆላ አይደለም ማለቷ ነው። ማን ሰምቷት።

ጌጤ ልትቀመጥ ጎንበስ ካለች በኋላ መልሳ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ከዋክብትን ቆጥሮ በየስማቸው የሚጠራቸው ማን ነው ብለው ነው ያስተማሩን? ጌታ የቆጠረውን ወንድሜ አንጋጦ ቢያይ ምኑ ላይ ነው ኃጢአቱ?»

አንዱ ከት ብሎ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለው። ጋሽ ሐብተማርያም አልሳቁም፤ ጢማቸውን ዳበሱ።

«በዓይኔ አያለሁ። የጠንቋይ ቤት ከሆነ መሰላሌን ይዤ እመለሳለሁ።»

ቅዳሜ ምእመናኑ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ተከራይተው፣ ማባቲውን፣ ቆርቆሮውን ማለቴ ነው፣ አናቱ ላይ አስረው ወረዱ። ሜዳው ከስሏል፤ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ወንዳፍራሽ ጥላሸት እንደለበሰ ሮጦ መጥቶ እኅቱ አንገት ላይ ተጠመጠመ። ጋሽ ሐብተማርያም ጠጋ ብለው ቤቱን ዞሩት። ዶሮ የለ፣ ጨሌ የለ። መሰላላቸውን አቆሙ።

መዶሻ ሲጮህ ዋለ። በመሃል ከምእመናኑ አንዷ፣ እትዬ ሠርክ፣ ወንዳፍራሽን ወደ ጥግ ጎተት አደረጉት።

«ማንም አይስማ የኔ ልጅ። የልጄ የካናዳ ነገር መቼ ይሳካል? እስቲ በኮከቡ እይልኝ።»

«እትዬ፣ ኮከቡ ስለ እኛ ምንም አያውቅም። እኛ ነን ስለ እሱ ለማወቅ የምንለፋው።»

«ኤዲያ! ታዲያ ምን ይረባል!»

ምስማር የምታቀብለው ጌጤ ሳቅ ሊገድላት።

አመሻሽ ላይ የሠሩት ክዳን በግድግዳው አናት ባለው ሐዲድ ላይ ተንሸራትቶ ሲከፈት ሁሉም አጨበጨበ። ደመናው ከወዲያ ከብዷል፤ ጨረቃ ግን ገና ከላይ ናት። ጋሽ ሐብተማርያም እየተጠራጠሩ ዓይናቸውን ወደ መነጽሩ አስጠጉ። ከዚያ መነጽሩን ሙጥኝ አሉ። 

«ተራራ አላት!» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው እንደ ልጅ ቀጥኖ። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ሁሉ መቼ ሠራኸው?»

«ጋሼ፣ ተራ ይልቀቁ እንጂ!» አሉ ከኋላ የተሰለፉት።

«ቆይ! ገና መጀመሬ ነው!»

ያን ጊዜ ዝናቡ ጠብ አለ። ወንዳፍራሽ ዘሎ ክዳኑን ገፋ፤ ቆርቆሮው ከአናታቸው ላይ ግጥም አለ። ቀጥሎ ወረደ፣ ዶፍ! ወንዳፍራሽ በመዳፉ ግድግዳውን፣ መገጣጠሚያውን፣ መነጽሩን ሁሉ ዳሰሰ። ደረቅ ነው። እጁን ለጌጤ ዘርግቶ አሳያት፤ እሷም ያዘችው።

ውጭ የማታቱው ሾፌር እንሂድ እያለ ጡሩምባውን ይነፋል። ውስጥ ግን ክዳኑ እንደገና ሲከፈት ማን መጀመሪያ እንደሚያይ ክርክር ተነሥቷል፤ ዝናቡ እስኪያባራ ንቅንቅ የሚል አልተገኘም።