የቀለም ቀቢው ድስት

ይህ ታሪክ ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ እውነት ነው። አንዲት ጭልፋ ቅጥፈት ያገኘበት ሰው ካለ ይምጣና ምላሴን ይቁረጠው።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ ቀለም ቀቢው እጅጌውን ሰብስቦ አንድ ኩንታል ድንች እየላጠ ነበር። ቢላዋው ሲሽከረከር በዓይን አይታይም። ልጣጩ በመስኮት እየተወረወረ ሲወርድ ከታች ያሉት ጎረቤቶች ዝናብ መጣ ብለው ከገመድ ላይ ልብሳቸውን ለቀሙ።

ነገሩ ግን የቀልድ አልነበረም። ነርሷ ሚስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ በሩ አጠገብ የቆመውን የእናቷን ሻንጣ እያየች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "የዛሬውም እራት ካልጣማት ነገ ትሄዳለች" ብላው ነበር። "በዚያ ጉልበቷ፣ እዚያ ቤቷ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ብቻዋን! እኔ ደግሞ ተረኛ ነኝ። ምን ይሻለኛል?"

"እኔ ባልሽ እያለሁ?" ደረቱን ደለቀ። "የትልቅ ሆቴል ወጥ ቤት የቀባሁ ሰው ነኝ እኮ!"

"መቀባትና ማብሰል አንድ ነው እንዴ?"

"ሁለቱም ማማሰል ነው።"

"እንግዲህ ቤት ውስጥ ያለው ድንችና ምስር፣ ከጥቂት አትክልትና እንቁላል ጋር ነው። ደመወዝ እስኪደርስ ሥጋ የሚባል ነገር እንዳታስብ። ወንድሜና ሚስቱም ይመጣሉ፤ አመላቸውን ታውቃለህ።"

ማን ያላወቀ! አማትየዋ "ጨው በዛ" ሳይሉ የተነሡበት ማዕድ በታሪክ አልተመዘገበም። ታክሲ ነጂው የሚስቱ ወንድም ሽንኩርት ከሦስት ሰፈር ወዲያ ሲከተፍ ከሸተተው መኪናውን አዙሮ ይሸሻል። የእሱ ሚስት ደግሞ ባንክ ነው የምትሠራው። ምግብ ላይ ያለን ዘይት እንደ ሐሰተኛ ብር ወደ መብራት አንሥታ ትመረምራለች። እንዲህ ያሉ እንግዶች አሥራ አራት ነበሩ። አሥራ አራት!

ምድጃው ላይ የሕፃን መታጠቢያ የሚያክል ድስት ተጣደ። ድንቹና ምስሩ መንተክተክ ሲጀምር ቀለም ቀቢው ወደ በረንዳ ወጣና በጥልቀት አሰበ። ሃያ ዓመት የሰው ግድግዳ ቀብቷል። ተቀብቶ ካለቀ በኋላ "ደመቀ፣ ደበዘዘ" የማይል ደንበኛ አይቶ አያውቅም። መድኃኒቱን ያገኘው እሱ ነው፤ ነጩን መደብ ቀለም በባልዲ ያቀርብና ማቅለሚያውን ለባለቤቱ እጅ ይሰጠዋል። ሰው ራሱ ጠብ አድርጎ፣ ራሱ አማስሎ ያወጣውን ቀለም በምን አፉ ይነቅፋል?

"መደብ!" ብሎ ጮኸ። ድስቱን ጨው፣ ሽንኩርት፣ ዘይት ሳያስነካው እንዳለ ተወው። የተከተፈውን ሽንኩርት፣ ቲማቲሙን፣ ቃሪያውን፣ የተቀቀለውን እንቁላል፣ ሎሚውን፣ ዘይቱንና ጨዉን በየሳህኑ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ እንደ ቀለም ጣሳ ደረደራቸው።

ታክሲ ነጂው ገና በሩ ላይ አፍንጫውን ነፋ።

"እዚህ ቤት ሽንኩርት አለ።"

"አለ፤ ካልጠራኸው ግን አይመጣብህም" አለ ቀለም ቀቢው። "ሳህኑን ወደዚያ ገፋ አድርግና ተቀመጥ።"

ባንክ ሠራተኛዋ የሞላ ማንኪያዋን ወደ አምፖሉ አነሣች፤ አገላበጠች። "ዘይት የለውም!" አለች፣ ዕጣ እንደወጣለት ሰው ፊቷ በርቶ።

"ምንም የለውም፣ የኔ እህት። እንዳንቺ ንጹሕ ነው።"

"ጨውስ?" አሉ አማትየዋ።

"ጨዉ በእጅዎ ነው፣ እማማ። ዛሬ ቢበዛ የሚቆጡት ራስዎን ነው።"

አማትየዋ ቆንጠር አድርገው ነሰነሱ፤ ሎሚ ጨመቁ፤ አማስለው ጎረሱ። አሥራ አራቱም እንግዶች ማንኪያቸውን አየር ላይ አንጠልጥለው ቀሩ።

"እንዴት ነው፣ እማማ?"

"ኧረ መጀመሪያ ልዋጠው!"

ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይስማ? ዳቦው በቅርጫት ገብቶ ባዶ ቅርጫት ወጣ። ታክሲ ነጂው ቀበቶውን ሁለት ቀዳዳ አላላ። ድስቱ ታጥቦ የተቀመጠ እስኪመስል ድረስ ተጠረገ።

ነርሷ ስትገባ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ያየችው ሻንጣውን ነው። እዚያው በሩ አጠገብ ቆሟል። ፊቷ ጠቆረ። ባሏ ግን ጊዜ አልሰጣትም። ኩንታሉን ድንች፣ አሥራ አራቱን እንግዶች፣ የመደቡን ጥበብ፣ አንዲት ቃል ሳያዛንፍ ልክ እኔ እንደነገርኳችሁ ተረከላት።

"ካላመንሽኝ እማማ ይመስክሩ!" ብሎ ደመደመ።

አማትየዋ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን የዳቦ ፍርፋሪ በመዳፋቸው ጠርገው ሰበሰቡ።

"አራት ነበርን" አሉ በቀስታ።

"እማማ..."

"ድንቹም አሥር ፍሬ ቢሆን ነው። ግማሹን የላጥኩት እኔ ነኝ።" ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ድስቱ ሲንተከተክ እሱ በረንዳ ላይ ሆኖ ለጓደኛው በስልክ እራቱ እንዴት እንደጣፈጠ ይነግረው ነበር። ጨውም ሽንኩርትም ሳይገባበት ቀረ። በሩ ተንኳኳ። ምን ላድርግ? ከትፎ የረሳውን በየሳህኑ አድርጌ አቀረብኩት።"

ታክሲ ነጂው ወደ ጣሪያው አየ። ሚስቱ አፏን በእጇ ሸፈነች።

"እንግዲያው አልጣመሽም ማለት ነው" አለች ነርሷ፣ ዓይኗን ከሻንጣው ሳትነቅል።

"ሁለት ሳህን በልቻለሁ። ጨዉ ልክ ነበር።" አማትየዋ እጃቸውን ወደ ቀለም ቀቢው ዘረጉ። "ይሄ ሻንጣ መተላለፊያ ዘግቷል፤ ወደ ጓዳ አስገባው። ነገም የምታበስለው አንተ ነህ። ስልክህ ግን እኔ ጋ ይቀመጣል።"

ቀለም ቀቢው አንድም ቃል ሳይጨምርበት ስልኩን መዳፋቸው ላይ አኖረና ሻንጣውን አነሣ።