ሽታ የማይባለው ጭስ

ኢሽቤል ብርጭቆውን ከአፍንጫዋ አራቀችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ አስቀመጠችው ከማለት ወረወረችው ማለት ይቀላል። ሰማያዊው ብርጭቆ ተንገዳግዶ ቆመ።

«ጭሱ የታለ?» አለች። «ማነው ከበርሜሎቼ ጭስ የሚሰርቀኝ?»

የመጋዘኑ ኃላፊ ዱጋልድ የአጎቷ ልጅ ነው። ስትቆጣ ማየት ለእሱ ብርቅ አይደለም። «አይላ ደሴት ላይ ጭስ የሚሰርቅ ሌባ ከተገኘማ እናትሽ ቤት ላኪው፤ እዚያ በገባሁ ቁጥር ዓይኔን ያጠፋኛል» አለ።

አልሳቀችም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ክፍል ከአምስት ማምረቻዎች የሚመጣ የብቅል ውስኪ እያሸተተችና እያደባለቀች ስትቀምም ኖራለች። አራቱ ለስላሳ ናቸው፤ ማር ማርና ፖም ፖም ይላሉ። አምስተኛው የደሴቲቱ ነው። ብቅሉ የሚደርቀው ከረግረግ ተቆርጦ በሚነድ ጥቁር አፈር ጭስ ላይ ስለሆነ ባሕርና ከሰል ይሸታል። አባቷ ቀመሩን ሲያስረክባት፣ ጭሱ በሩን ያንኳኳ እንጂ ሰብሮ አይግባ ብሏት ነበር። ሌላ ምክር አልሰጣትም።

ራንኪን ሁለት ብርጭቆ ይዞ ገባ። ባለፈው ዓመት ከግላስጎው የመጣ ሥራ አስኪያጅ ነው። ኢሽቤል ገና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጫማው እንኳ አላማራትም።

«ወይዘሮ ኢሽቤል፣ ደንበኞቹ ለሦስተኛ ጊዜ መለሱብን። ‹ውስኪ አዘን ጭስ ተላከልን› ነው የሚሉት። የዛሬውን ጭስ ካልቀነሱት ቀመሩ ላይ ሌላ ሰው ይፈርማል።»

«ማን? አንተ? ቁርስህን በሽንኩርት በልተህ፣ አንገትህን ሽቶ ነክረህ?»

«አፍንጫዎ ደክሟል» አላት፣ ቀስ ብሎ።

ደሟ ፈላ። ይህን ቃል ደፍሮ የነገራት ሰው አልነበረም። ራንኪን ብርጭቆዎቹን ፊቷ አኖረ፤ አንዱ ከአምስት ዓመት በፊት እሷው ቀምማ ለማመሳከሪያ የተቀመጠው፣ ሌላው የዛሬው ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ አልነገራትም። ኢሽቤል ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጋ የመጀመሪያውን አሸተተች፣ ሁለተኛውን አሸተተች፣ ደገመች።

«ያው ናቸው» አለች። «ልትፈትነኝ ከሆነ ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳ ይዘህ አትምጣ።»

ዱጋልድ ብርጭቆዎቹን ተቀብሎ አሸተተና አቀረቀረ። 

«ተናገር እንጂ! ምላስህን ድመት በላው?»

«ሁለተኛው…» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «ምድጃ ውስጥ አንገቴን የከተትኩ ነው የመሰለኝ። ኢሽቤል፣ ሹራብሽን አውልቂው እስቲ።»

ሹራቧን ወደ ፊቷ ሳበችው። ምንም አይሸትም። ምንም አለመሽተቱ ነው ያስደነገጣት።

ታማሚ እናቷን ለማስታመም ወደ አሮጌው ቤት ከገባች ሦስት ዓመት ሆናት። እዚያ ቤት የረግረጉ አፈር ቀን ከሌት ይነዳል። ኢሽቤል ለሥራዋ ስትል ሽቶ ትታለች፤ ሽንኩርት ትታለች፤ ሳሙናዋ እንኳ ሽታ የለውም። ጭሱን ግን ተዪ ያላት የለም። ደሴቲቱ ላይ ጭስ ሽታ ተብሎ አይቆጠርም፤ አየር ነው። ለዚህ ነው ከውጭ የመጣ ሰው እስኪነግራት ድረስ አንድም ሰው ያላወቀው። አፍንጫዋ ጭሱን ስለለመደ፣ ውስኪው ጭስ ያነሰው እየመሰላት ስትጨምር ከርማለች።

ሹራቧን ወለሉ ላይ ጥላ ወጣች። ጭሱ እንዲለቃት ጓሮ ካለው ቧንቧ ፀጉሯን በበረዶ ውሃ ታጠበችና በስስ ሸሚዝ የጀልባ ማቆሚያው ጫፍ ላይ አንድ ሰዓት ቆመች። ነፋሱ ይጋረፋል። ራንኪንን ረገመችው፤ ዱጋልድን ረገመችው፤ እናቷን መርገም ግን አልሆነላትም።

ተመልሳ የመጀመሪያውን ብርጭቆ አነሳች። ማር፣ ፖም፣ ከዚያ ከሩቅ የሚያንኳኳ ጭስ። ሁለተኛውን አነሳች። ጭሱ በሩን ሰብሮ ገባ፤ ማሩንም ፖሙንም ረገጣቸው። የገዛ እጇ ሥራ ነው። አፈረች፤ እፍረቷም ወዲያው ቁጣ ሆነ።

ብዕሩን ነጥቃ በቀመሩ ወረቀት ላይ ከደሴቲቱ ውስኪ ዘጠኝ በርሜል የሚለውን ሰርዛ አምስት ብላ ጻፈችና ፈረመች።

«አመሰግናለሁ» አለ ራንኪን። «ከነገ ጀምሮስ?»

ጥያቄው ትክክል ነበር፣ ማታ የምትመለሰው ወደዚያው ጭስ ነው፤ ያናደዳትም ያ ነው። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወጣች።

የቤቱን በር ስትከፍት ሽታው ፊት ለፊት መታት። ረግረጉ፣ እርጥብ ሱፍ፣ የአባቷ ካፖርት፣ ልጅነቷ ሁሉ። ለሦስት ዓመት ስትኖርበት አንድ ቀን እንኳ አልሸተታትም ነበር። ዘጠና ሁለት ዓመት የሆናት እናቷ ፍሎራ እጆቿን ወደ ምድጃው ዘርግታ ተቀምጣለች።

«በሩን ዝጊው ልጄ፣ በረደኝ።»

«እማ፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ላምጣልሽ?»

«ጭስ የማይወጣበት ቤት ጎረቤት ለቀብር ነው የሚመጣው» አለች እናቷ። «ደግሞ ምን ሆነሽ ነው ፀጉርሽ የራሰው? ማን አስቆጣሽ?»

ኢሽቤል የበሩን እጀታ እንደያዘች ቆመች። ከኋላዋ ነፋሱ ይገባል፤ የእናቷ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። በሩን ዘጋችው። አንድ ጊዜ በረዥሙ ተነፈሰች፤ ጭሱ አለ። ሁለተኛ ተነፈሰች፤ ቀጠነ። በአራተኛው ሙቀት ብቻ ቀረ።

ጎንበስ ብላ ከቅርጫቱ አንድ የአፈር ማገዶ አነሳችና እሳቱ ላይ ወረወረችው።