አምስቱ ክዳኖች

ብሩክታይትን ብረት አያታልላትም። ሶዶ የጭነት መላኪያ ውስጥ ዕቃ መለየትና ማሸግ ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እሷ ካሸገችው ሞተር አንድም ተሰብሮ አልተመለሰም። ይህን የምታወራው ደግሞ ሳትጠየቅ ነው።

የዚያን ጠዋት ጋሼ ኤርሳዶ የወፍጮአቸውን ሞተር አስፈትተው ከገሱባ አመጡ። አዲስ አበባ ቶርኖ ቤት ተጠግኖ ካልመጣ፣ ጎረቤት ሁሉ በቆሎውን በአህያ ጭኖ ግማሽ ቀን ሊጓዝ ነው። ወደዚያ የሚሄደው የጭነት መኪና፣ አይሱዙው፣ የሚነሳው በአራት ሰዓት ነው።

እንደ ልማዷ ለየች። ከባዱ የሞተሩ አካል፣ ብሎኩ፣ ከታች፤ ዘይት የሚያንጠባጥበው አብሮ ከሚጫነው ቅቤ ርቆ። ጆንያውን ስትፈታ ግን እጇ ቆመ። ዋናውን ዘንግ ከብሎኩ ጋር አጥብቀው የሚይዙት አምስት ክዳኖች እንደ ሰርግ ሳህን ያበራሉ።

«ቁጥራቸውስ፣ ጋሼ?»

«መካኒኩ በጠመኔ የጫረው? በናፍጣ ሁለቴ አጠብኩት እንጂ! ቆሻሻ ዕቃ ሰው አገር ይላካል እንዴ?»

«እያንዳንዱ ክዳን ከየራሱ መቀመጫ ጋር አብሮ የተሞረደ ነው። ከተቀያየረ ዘንጉ ተነክሶ አልዞርም ይላል፤ ሞተሩም አለቀለት።»

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። የአይሱዙው ሾፌር ዘሩባቤል ጥሩምባውን ነፋ። «እዚያ ይለዩታል፤ ጫኚው!»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለችው። «ትጠብቃለህ።»

ክዳኖቹን አንድ በአንድ በየመቀመጫው እየገጠመች መጋጠሚያውን በአውራ ጣቷ ጥፍር ዳሰሰች። ጥፍር ካሰናከለ ቦታው አይደለም፤ ሸርተት ካለ ነው። አራቱ ቶሎ ተገኙ። አምስተኛው እምቢ ሲላት ጋሼ ኤርሳዶ ዓይናቸውን ጨፍነው መጸለይ ጀመሩ። እሷ ግን አዙራ ገጠመችው፤ ጥፍሯ ሸርተት አለ። ከዚያ ክዳኑንም ብሎኩንም በሹል ብረት ወቀረች፤ ለአንደኛው አንድ ነጥብ፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ እስከ አምስት።

«ይህን ናፍጣ አያጥበውም» አለች። እያንዳንዱን በእንሰት ቃጫ ጠቅልላ ከእንጨት ሣጥኗ ውስጥ ከተተችና ቸነከረችው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስልኳ ጮኸ። ከብቱ ሳይቀር ደህና መሆኑን የሚጠይቁት ጋሼ ኤርሳዶ ያን ቀን ሰላምታ እንኳ አልሰጡም። የሚሰማው ወፍጮው ብቻ ነበር፤ ድምፁ አንዴም ሳይደናቀፍ ይፈጫል። ብሩክታይት ቆማ አዳመጠች።

«ሰማሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«ሰማሁ፣ ጋሼ።»

«ሣጥንሽን በነገው መኪና እልክልሻለሁ» አሉ። «አላጠብኩትም።»