ሆዱ የተበላ ቡቃያ

ሆዱ የተበላ የኮኮናት ቡቃያ ይጸድቃል ወይስ አይጸድቅም? ሰሞኑን በእኛ ቤት ሌላ ወሬ የለም። ስለ ዕፅዋት ዘር ስማር ዓመታት የፈጀሁት እኔ ስለሆንኩ ሁሉም የሚጠይቀው እኔን ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከስኮትላንድ ወደ ደሴታችን በተመለስኩ ማግስት ነው። አጎቴ ራንስፎርድ ከጓሮ ያነሳውን የበቀለ ኮኮናት ልጦ በገጀራ ለሁለት ፈለጠልኝ። ውሃው አልቆ፣ በቦታው እንደ ዳቦ የተነፋ ጣፋጭ ኳስ ተቀምጧል። እኛ መንደር ያደገ ልጅ ሁሉ በዚህ ኳስ ተደባድቧል።

"ብላ! እዚያ በረዶ አገር ይሄ አልነበረም" አለኝ።

በላሁ። እሱም አገዘኝ። ጣቴን እየላስኩ ሳለ እህቴ ቨርሌታ ሕፃን ልጇን ታቅፋ ብቅ አለች፤ ቅርፊቱን ስታይ ባለችበት ቀረች።

"አጎቴ፣ ይሄን ከየት አመጣኸው?"

"ከውሃ በርሜሉ ሥር።"

"የልጄን ዛፍ ነው የበላችሁት!"

እኛ ዘንድ የሕፃን እትብት ደርቆ ሲወድቅ ከኮኮናት ቡቃያ ሥር ይቀበራል፤ ዛፉም የልጁ ይሆናል። የልጁ አባት ኦኔል መርከብ ላይ ነው የሚሠራው። ሲሄድ አንድ ነገር ብቻ አደራ ብሏት ነበር፤ የልጁ እትብት ከኦኔል እናት ግቢ በመጣ ኮኮናት ሥር እንዲቀበር። የእናቱ ዛፎች ኮኮናትን በሚገድለው በቢጫው በሽታ አናታቸው ረግፎ ምሰሶ ሆነው ቀርተዋል። ከእነሱ የተረፈው፣ ቨርሌታ ከበርሜሉ ሥር ያበቀለችው ፍሬ ያ ብቻ ነበር። ቨርሌታ ደግሞ ልጁ እዚህ ዛፍ ካለው አባቱ መመለሱ አይቀርም ብላለች።

"እኔ ምን አውቄ" አለ አጎቴ፣ "የበቀለ ኮኮናት ሳገኝ ከዓይኔ በፊት አፌ ነው የሚያየው።"

እህቴ አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞረች። "አንተ ተምረሃል። ይኖራል አይኖርም?"

ቡቃያው ከአንዱ ግማሽ ጋር እንደተጣበቀ ነበር። አነሳሁት።

"ይኸውልሽ፣ ሦስት ዓይን አለው። ሁለቱ ድፍን ናቸው። ፅንሱ የሚተኛው ከሦስተኛው፣ ከለስላሳው ሥር ነው። ሲነቃ አንዱ ጫፉ በዓይኑ ወጥቶ ቅጠልና ሥር ያበቅላል። ሌላው ጫፉ ወደ ውስጥ አብጦ ነጩን ሥጋ እያሟሟ ለቡቃያው ያቀብላል።"

"የሚያቀብለው እናንተ የበላችሁት ነው?"

"አዎ።"

"ሥጋው እኮ አለ!" አለ አጎቴ።

"ቢኖርስ ማን ያጎርሰዋል? አንተ?" አለችው እህቴ።

ሥሩ መውጣቱን፣ ቅጠሉ አረንጓዴ መሆኑን አየሁና ከፀሐይ የራሱን ምግብ መሥራት ይችል ይሆናል አልኩ። ቅጠሎቹ ሁለት ብቻ፣ ያውም ገና ያልተከፈቱ መሆናቸውን ሳይ ደግሞ አይችልም አልኩ።

"ያምስ እንደ ድንች ቆርጠን አይደል የምንተክለው?" አለ አጎቴ። "ግማሹን በልተን ግማሹን። ይበቅላል።"

"ያም ሌላ ነው። ይሄ ዘር ነው።"

"ምንድነው ልዩነቱ?"

ፈተና ላይ ይህን ሁሉ በሥዕል አስቀምጬ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ፤ ከውስጡ አንዱ ክፍል ቢጎድል ምን እንደሚሆን ግን የጠየቀኝ አልነበረም።

ቡቃያውን ጥላ ሥር ተከልኩት። በማግስቱ ፀሐይ ያስፈልገዋል ብዬ ነቅዬ ወደ አጥሩ አዛወርኩት፤ ከዚያ ደግሞ ለምን ነካሁት ብዬ ተጸጸትኩ። አንዱ ቅጠል ጫፉ ገረጣ። መሃል ላይ አዲስ ነገር ብቅ ያለ ይመስለኛል፤ ግን መጀመሪያም የነበረ ይሁን አላስታውስም። አጎቴ "አደገ" ይላል፣ እህቴ "ጠወለገ" ትላለች፣ እኔ ከሁለቱም ጋር እስማማለሁ።

እትብቱ ወድቆ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አይጥ ከወሰደችው ልጁ ሌባ ይሆናል ስለሚባል ቨርሌታ ከራስጌዋ አታርቀውም። ከችግኝ ጣቢያ በሽታውን የሚቋቋም አጭር ኮኮናት ላምጣ ብላት፣ "የማን ግቢ ልጅ ነው እሱ?" አለችኝ።

"እሺ፣ እዚሁ ቅበሪው።"

"ቢሞትስ? ልጄ ምን ይሆናል?"

"ምንም አይሆንም። የእኔ ዛፍ ከሞተ ስንት ጊዜው፤ ምን ሆንኩ?"

ከእግር እስከ ራስ አየችኝ። "ሻንጣህን እንኳ እስካሁን አልፈታህም" አለችና ሳቀች። አጎቴም ሳቀ። እኔ ሻንጣውን ያልፈታሁት ቁም ሳጥን ስለሌለ ነው ልል ነበር፤ ግን እውነት በዚያ ምክንያት መሆኑን እርግጠኛ አልነበርኩም።

በመጨረሻ "አባትየው ይወስን" አለች። ሕፃኑን እያጠባች ነገረችኝ፤ እኔ በስልኬ ጻፍኩ፦

"ኦኔል፣ ከእናትህ ግቢ የመጣው ቡቃያ ተጎድቷል። ይኖር አይኖር ወንድሜም አያውቅም። እትብቱን ከሱ ሥር ልቅበር ወይስ እስክትመጣ ላቆየው? ላቆየው ካልክ መቼ እንደምትመጣ ንገረኝ።"

ላክሁት። መልእክቱ እንደደረሰው ስልኩ አሳየን። መልስ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም፤ እትብቱም ከቨርሌታ ራስጌ ነው።